ያኛው ልብስ ሰፊ

ጥር 4

እኔ አስራ አምስት፣ እሱ አርባ።

የሕክምና ቦርዱ ወረቀት ዛሬ ወጣ። የመኪና አደጋው በሰውነታችን ላይ ያደረሰውን ዘላቂ ጉዳት በመቶኛ አስልቶ ለፍርድ ቤት የሚናገር ወረቀት ነው። ሦስት ሐኪሞች ከበውኝ ጉልበቴን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ደግሞ አጠፉት። አንደኛው "ያማል?" አለኝ። "አያምም" አልኩት። ምን ነካኝ? ያማል እንጂ! ግን ጠመኔ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ከኔ በፊት እጁን ሲያገላብጡት ደግሞ ትንፍሽ አላለም። እሱ ችሎ እኔ ልጮህ?

ለዚህ ነው አስራ አምስት የሆንኩት። ብጮህ ኖሮ ሃያ አላጣም ነበር።

ጠመኔ የሥራ ባልንጀራዬ ነው። እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም፤ ጆሮው ላይ ጠመኔ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጠመኔ ይለዋል። አንድ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እሰፋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አንገቱን በበሩ ብቅ ያደርግና "ጠመኔ የለም?" ይላል። ካለ ይገባል። ከሌለ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰዓቱን ያይና "እሺ፣ እንግዲያው ያኛው ይለካኝ" ይላል። ያኛው እኔ ነኝ። እኔም እናትና አባት ያወጡልኝ ስም ነበረኝ።

ባለፈው ክረምት ጨርቅ ገዝተን ስንመለስ የጭነት መኪና የተሳፈርንበትን ሚኒባስ በጎን ገጨው። በኔ በኩል፣ በመስኮቱ በኩል። የኔ ቀኝ ጉልበት ተሰበረ። የሱ ቀኝ እጅ ተጨፈለቀ፤ አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም፣ መቀስ አይዝም። እሱ የተቀመጠው ከጎኔ፣ በመተላለፊያው በኩል ነው። እጁ በኔ መስኮት ምን ይሠራ እንደነበር እሱ ያውቃል። ድሮም በሰው ነገር ውስጥ እጁን ማስገባት ይወዳል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ስንት አሉህ?" አለችኝ። ነገርኳት። "እሱንስ?" አለችኝ። "አርባ።"

"ውይ በሞትኩት!" ብላ ደረቷን ያዘች። ለኔ መስሎኝ ልቤን ሞቅ አለው። ለሱ ነው።

"አስራ አምስትም እኮ ጉዳት ነው" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ በስብራትም ትቀናለህ?"

የምን መቀናት? ሂሳቡ አልጣመኝም ነው ያልኩት።

ጥር 6

ሱቅ። ደንበኛ የለም። የስፌት መኪናዬን መርገጫ ከአንድ ዙር በላይ ልገፋው አልቻልኩም፤ ጉልበቴ ይቆለፋል። ጠመኔ በግራ እጁ ጠመኔ ይዞ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጨርቅ ላይ መስመር ይለማመዳል።

ድንገት "አገኘሁት!" አለ። "እኔ አጠገብህ ልቀመጥና ልርገጥ። አንተ በእጅህ ጨርቁን ምራ። እግር ከኔ፣ እጅ ካንተ። አንድ ሙሉ ልብስ ሰፊ አይወጣንም?"

"መሳቂያ ልታደርገን ነው?" አልኩት።

"ታዲያ ካሁኑ የበለጠ ምን ያስቅብናል?" ብሎ ራሱ ሳቀ። የሱ ሳቅ ጨጓራዬን ነው የሚልጠው። እጁን ያጣ ሰው እንዴት ነው ከኔ ይልቅ የሚስቀው?

ጥር 12

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መጣ። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ለሽኝቱ የሚለብሰው ግራጫ ሱፍ ይዞ መጥቷል። ጨርቁን ሳየው እጄን በላኝ። እንደ ውሃ የሚወርድ ነው።

"ጠመኔ ይቁረጥልኝ።"

ጠመኔ እጁን አሳየው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። አይኑ እንባ አቀረረ። "እስኪሻልህ እጠብቃለሁ። ሽኝቱንም አራዝማለሁ" አለ።

አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ጉልበቴን "እስኪሻልህ እጠብቃለሁ" ያለው አንድ ፍጡር የለም። ቆሽቴ አረረ። "እኔ እቆርጠዋለሁ" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ርዕሰ መምህሩ ጠመኔን አየው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ከኔ ሳይሆን ከሱ ነው! ጠመኔም "እጁ ወርቅ ነው፣ ስጠው" አለው። ያኔ ነው ጨርቁን የለቀቀልኝ።

በሰው ምልጃ ተሰጠኝ።

ጥር 20

ጠበቃችን ቢሮ ጠራችን። የሁለታችንንም ፋይል የያዘችው እሷ ናት። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ፣ ወረቀት ስታገላብጥ ጣቷን በምላሷ ታረጥባለች።

መቶኛው ብቻውን አይበቃም አለች። ዳኛዋ የሚያዩት ጉዳቱ ምን ሥራ እንዳሳጣን ነው። ጣት ለዘበኛና ጣት ለቆራጭ እኩል አይደለም። ግን እኛ ደረሰኝ የምንቆርጥ፣ ግብር ቤት የገቢ መዝገብ ያለን ሰዎች አይደለንም፤ ስለዚህ አንዳችን ለአንዳችን እንመሰክራለን። ለሱ ሙያ እኔ፣ ለኔ ሙያ እሱ።

ጠመኔ ሲወጣ እኔን አስቀረችኝ። "ጋሼ፣ የእሳቸው ጉዳይ ያለው እርስዎ እጅ ላይ ነው። የመድን ድርጅቱ ጠበቃ 'ተራ ልብስ ሰፊ ነው፣ በግራ እጁም ቁልፍ መትከል ይችላል' ነው የሚለው። እርስዎ ግን ስንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጠው አይተዋል። እንደሳቸው የሚቆርጥ እንደሌለ፣ ደንበኛው የሚመጣው እሳቸውን ብሎ እንደሆነ፣ ያንን ብቻ ይንገሩልኝ። እውነቱን።"

"እሺ" አልኩ።

"እሳቸው ስለእርስዎ ሲናገሩ ቢሰሙ!" አለችኝ ደግሞ እየሳቀች።

ምን አለ? ምን አለ? ለመጠየቅ ኮራሁ። ደረጃውን ስወርድ ሁሉ ያ ነው የከነከነኝ።

ጥር 27፣ ሌሊት

ጉልበቴ አላስተኛ አለኝ። ጉልበቴ ብቻ ቢሆን።

ሁለታችንም የተማርነው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። እኔ በሁለት ወር ቀድሜው ገብቻለሁ። ቀድሜ! ሽማግሌው ሥራ ሊያቆም ሲል ዕቃውን አከፋፈለን። ትልቁን መቀስ፣ ያንን እጀታው ጥቁር፣ ከባዱን፣ ለጠመኔ ሰጠው። ለኔ መርፌ እንዳይወጋ ጣት ላይ የሚጠልቀውን፣ ከጠርሙስ ክዳን የማይበልጠውን ቆርቆሮ ሰጠኝ። "አንተ የስፌት ሰው ነህ" አለኝ። ሙገሳ ነበር ይላል ጠመኔ። ሙገሳ ከሆነ ምነው እሱ አልወሰደውም?

የኮት ስፌቴ እንደማይታይ ሁሉም ሰው ያውቃል። ችግሩም እሱ ነው፤ ጥሩ ስፌት አይታይም። ሰው ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም የሚያየው ትከሻውን ነው፣ ወገቡን ነው፣ አወራረዱን ነው። የጠመኔን ነው የሚያየው። የኔን የሚያየው ሲተረተር ብቻ ነው። የኔ ደግሞ አይተረተርም።

እና አሁን ይህን ሁሉ ችሎት ፊት ቆሜ፣ በመሐላ፣ በራሴ አፍ ልናገር ነው። "ክብርት ዳኛ፣ እሱ ነው እንጂ እኔ ማን ነኝ" ልበል። በመዝገብ ይጻፍ፣ ማኅተም ይመታበት!

መቀሱ አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማንም አይነካውም።

የካቲት 3

ቀጥ ብዬ ስሄድ ጉልበቴ ስለሚጮህ እግሬን አንጠልጥዬ ነው ቤት የገባሁት፣ ስለዚህ አልሰሙኝም። የጠመኔ ሚስት ከባለቤቴ ጋር ወጥ ቤት ናቸው።

"ሸሚዙን የምትቆልፍለት ትንሿ ልጃችን ናት" ትላለች። "ሌሊት ተኝቶ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዳል። እንዲህ፣ እንዲህ። እየቆረጠ ነው እኮ በሕልሙ። ስነቃ አያለሁ፣ እንዳላየሁ ተመልሼ እተኛለሁ።"

"አይዞሽ።"

"ያንቺውስ ደህና ነው አይደል? እሱ እንኳ ደህና ሆነ።"

እንኳ! ይኸው፣ ባለ አስራ አምስት ስለሆንኩ እኔ ደህና ሆኛለሁ! ወጥ ቤት ሳልደርስ ተመልሼ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ስለ እጁ የሰማሁትን ረሳሁት፤ ያቺን ቃል ብቻ ሳኝክ መሸ።

የካቲት 10

ጠዋት። ችሎት ዛሬ። ሸሚዝ ተተኩሷል። ክራቫት አላስርም፣ ካሳ ጠያቂ ክራቫት አያምርበትም ብላለች ጠበቃዋ። ባለቤቴ "እውነቱን ተናግረህ ና" አለችኝ። ሌላ ምን ልናገር ኖሯል?

የካቲት 10፣ ማታ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ተከሳሹ የጭነት መኪናው ባለቤት አልመጣም፣ የመጣው የመድን ድርጅቱ ጠበቃ ነው፣ ጉንፋን ይዞት በየዓረፍተ ነገሩ አፍንጫውን ይጠርጋል። መጀመሪያ ጠመኔ ስለኔ መሰከረ። ቆሞ፣ የተጎዳ እጁን በደህናው ይዞ፦

"ክብርት ዳኛ፣ እኔ ብቆርጥ ምን ዋጋ አለው? የቆረጥኩት ጨርቅ ነው፣ ገላ ላይ የሚያውለው እሱ ነው። የሱ ስፌት ዝናብ መትቶት፣ ፀሐይ መትቶት፣ ልጅ ወርሶት አይለቅም። ይህ ሰው እግሩ ካልረገጠ የኛ ሱቅ የጨርቅ መጋዘን ነው።"

ዳኛዋ ጻፉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጆሮዬ ጋለ። ደስታ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ደስታ አልነበረም። እንዲህ ማለትም እሱ ከኔ ይበልጣል። ሙገሳውንም እሱ ነው የሚያሳምረው!

ከዚያ ባለ ጉንፋኑ ጠበቃ ጠየቀው፦ "የተቀመጡት በመተላለፊያው በኩል ነው። እጅዎ በጓደኛዎ መስኮት ምን ይሠራ ነበር? ወደ ውጭ አውጥተውት ነበር?"

"አይ" አለ ጠመኔ። "ጨርቁን ልይዝ ብዬ ነው። ጭኑ ላይ ነበር፣ እንዳይወድቅ።"

ጨርቁ ጭኔ ላይ አልነበረም። ከወንበሩ ሥር ነበር፣ እኔ ነኝ የከተትኩት። ለምን እንደዚያ እንዳለ አላውቅም። አላሰብኩበትምም፤ ወዲያው ተጠራሁ።

ምያለሁ። እጄን አንስቼ ምያለሁ። ጠበቃችን በፈገግታ፦ "ከሁለታችሁ በቆራጭነት ማን ይበልጣል?"

እንዴት እንደወጣ እንጃ። "እኩል ነን።"

ፈገግታዋ ጠፋ። "ኮት የሚቆርጠው ማነው?"

"ሁለታችንም።"

"ደንበኛ ሲመጣ ማንን ብሎ ነው የሚመጣው?"

በበሩ ብቅ የሚሉት አንገቶች ሁሉ ታዩኝ። ያኛው፣ ያኛው፣ ያኛው። "ያገኘውን" አልኩ።

ባለ ጉንፋኑ "መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም" አለ። ለምን ይኖረዋል? የሚፈልገውን በወርቅ ሳህን አቀረብኩለት።

መለስ ብዬ ጠመኔን አየሁት። ይናደዳል ብዬ ነበር። አይኑን አጥብቦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንደሚስቅም እንደሚያለቅስም ሆኖ ያየኛል። ያ አስተያየት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ባለቤቴ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ደህና" አልኳት። ወጥ ስታቀርብልኝ እጇ ቸኩሎ ነበር። ማን ነግሯት ይሆን?

የካቲት 11

እኩል ነን ማለት ወንጀል ነው? ሰው ሁሉ እኩል ነው ይባል የለ?

የካቲት 16

ጠመኔ ሱቅ ሲገባ "እንደምን አደርክ፣ እኩያዬ" ብሎኝ ገባ። ስላቅ ነው። ስላቅ ካልሆነ ምንድነው? ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሳጠና ዋልኩ፤ ሲያፏጭ ዋለ።

መጋቢት 9

ውሳኔ።

ዳኛዋ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። የሱ ቀድሞ ተነበበ። ጥፋቱ የጭነት መኪናው ነው፤ ያ አላከራከረም። ከዚያ ካሳው። "ከሳሹ ልዩ የቆራጭነት ሙያ እንደነበረው ቢገልጽም፣ የገዛ የሥራ ባልደረባው በመሐላ ሁለቱም እኩል እንደሆኑና ሁለቱም እንደሚቆርጡ አስረድቷል። ሱቁም ዛሬ ድረስ ክፍት ነው። ስለሆነም የገቢ ማጣቱ በተራ ልብስ ሰፊ ልክ ሊሰላ ይገባል።" ጠበቃችን የጠየቀችለት በግማሽ ወረደ። የተረፈው ግማሹንም አይሞላም።

የኔ ተነበበ። "ከሳሹ በስፌት ያለው ብቃት የላቀ እንደሆነ፣ ያለ እሱ ሱቁ ሊሠራ እንደማይችል ባልደረባው አስረድቷል።" የጠየቅኩት ከሞላ ጎደል ተፈቀደ።

አስራ አምስቱ አርባውን ደርሶበት ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ስንት ወር የተመኘሁት ነው። ታዲያ ምነው ቶሎ ልውጣ ልውጣ አለኝ? ጉልበቴ ነው፣ ብዙ ቆሜ ነበር።

በረንዳው ላይ ጠመኔ በግራ እጁ ጨበጠኝ። "እንኳን ደስ ያለህ። ደግሞ ይገባሃል።" ሚስቱ ኋላው ቆማ ጫማዋን ታያለች። ጠበቃችን ለኔ ሰላምታም አልሰጠችኝ፤ ለሱ ብቻ "ይግባኝ አለ፣ ተስፋ አይቁረጡ" አለችው።

መጋቢት 10

ባለቤቴ ቁርስ ላይ፦ "በዕድሜህ ስንት ኮት ቆርጠሃል?"

"ሦስት።"

"ስንቱ ተለበሰ?"

ተነስቼ ወጣሁ።

መጋቢት 16

የርዕሰ መምህሩ ሽኝት ደርሷል። እስካሁን ጨርቁን ስነካው ስተወው፣ ዛሬ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ መቀሱን ከግድግዳው አወረድኩ። ከባድ ነው። እጀታው በሱ እጅ ልክ ተበልቷል፤ የኔ አውራ ጣት ይዋኝበታል።

ጀርባውን ቆረጥኩ፣ ጥሩ። ደረቱን ቆረጥኩ፣ ጥሩ ነው፤ እሰይ! ላብ በላብ ሆኛለሁ። እጅጌ ቀረ። ጨርቁን አጥፌ ሁለቱን በአንዴ መቁረጥ ሲገባኝ፣ መቀሱ እጥፉን አልበላ ስላለኝ፣ ነጠላውን ዘርግቼ አንዱን ቆረጥኩና የእጅጌውን የወረቀት ቅድ ሳልገለብጥ ሁለተኛውን ቆረጥኩ።

ሁለት የግራ እጅጌ።

አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው፣ ሽማግሌው በማስመሪያ ይመታን የነበረበት ስህተት። እና ትርፍ ጨርቅ የለም። ቁጭ ብዬ የሰው ሱፍ ታቅፌ ቀረሁ።

በሩ ተንኳኳ። ጠመኔ ነው። "ምነው ቆለፍክ?" ገባ። ጠረጴዛውን አየ። አንዱን እጅጌ አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ደረበ። አንድ ቃል ቢናገረኝ እሞትለት ነበር።

ሳቀ። ግድግዳ ይዞ ነው የሳቀው። "ለኔ ነው እንዴ የቆረጥከው? ቀኝ እጅ ለሌለው ሰው!" እንባውን በክርኑ ይጠርጋል። እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድብኝ ሲል አፌን ያዝኩ።

"ሱሪውን ቆርጠሃል?"

"ገና።"

"እሰይ! ከታች ለእጥፉ የሚተወው አለ፣ ለእጅጌው የጎደለውን ከሱ እናወጣለን። መገጣጠሚያው ብብት ሥር ይገባል። ያንተ ስፌት ደግሞ አይታይም።"

በግራ እጁ ጠመኔውን ይዞ መስመሩን አወረደው። ዘገየ እንጂ አልሳተም። እኔ በሱ መስመር ቆረጥኩ፤ "ቀስ፣ አታፍነው፣ ጨርቁ ራሱ ይወስድሃል" እያለኝ። ከዚያ ለስፌቱ ቁጭ ስል ጉልበቴ ተቆለፈ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባሁ። እኔ እመራለሁ፣ እሱ ይረግጣል። መጀመሪያ እንደ ሰካራም ሄድን፣ ኋላ ተግባባን።

መኪናው እየሮጠ፣ ቀና ሳይል፣ እንዲህ አለኝ፦

"ያን ቀን 'እኩል ነን' ስትል ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። እኔ ሁልጊዜ... ሰዎች ጠመኔ፣ ጠመኔ ሲሉ አንተ ፊትህ ሲጠቁር አይ ነበር። ራስህን ከኔ በታች የምታደርግ ይመስለኝ ነበር። መናገር ደግሞ አሳፈረኝ። ያን ቀን በዳኛ ፊት ደረትህን ነፍተህ እኩል ነን ስትል፣ ተመስገን፣ ይህ ሰው እንደዚያ አያስብም ማለት ነው አልኩ። ለሚስቴም ካሳው ቢቀር ይቅር፣ ይቺን ሰምቻለሁ አልኳት።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። "አቁም" አልኩት። አቆመ። ደሙን ስመጥጥ "ቆርቆሮህን አታጠልቅም?" አለኝ።

መጋቢት 18

ርዕሰ መምህሩ ለበሰው። መስታወቱ ፊት ዞረ፣ ተንጠራራ። "ጠመኔ፣ እጅህ ዳነልህ እንዴ?" አለ።

ጠመኔ ወደኔ ጠቆመ። "እሱ ነው።"

"ያኛው?" አለ ሰውየው፣ ገርሞት። ከዚያም እጄን ጨበጠኝ። ስመኘው የኖርኩት ሰላምታ ነበር። ትኩስ ድንጋይ እንዳስያዙኝ ነው የሆንኩት። ብብቱ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ አላየውም። ማንም አያየውም።

መጋቢት 21

የጠመኔ ሚስት መጣች፣ ለብቻዋ፣ እሱ ሳያውቅ። ባለቤቴ ወንበር ሰጠቻትና እንደ ጠላት እኔን ከፊቷ አስቀመጠችኝ።

"ወንድሜ፣ ልወቅስህ አልመጣሁም" አለች። "የመሰለህን ተናግረሃል። ይግባኝ በል ስለው እምቢ አለኝ። 'ባልንጀራዬን ውሸታም አላሰኘውም' ነው የሚለው። እኔ የመጣሁት አንዲት ነገር ልጠይቅህ ነው። ያን ዕለት ጨርቁ የት ነበር?"

"የቱ ጨርቅ?"

"ልይዘው ብዬ ነው ያለው። ጭንህ ላይ ነበር ያለው።"

ባለቤቴ እኔን እያየችኝ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ስምንት ወር ሙሉ "እጁ ምን ይሠራ ነበር" ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ መልሱ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

"ከወንበሩ ሥር" አልኳት።

አንገቷን ደፋች። "አውቄ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሐኪም ቤትም ጠይቄው ጨርቁን ነው ያለኝ። ለጨርቅ እንደዚያ የሚዘረጋ እጅ የለም።"

ከዚያ ተነስታ ሄደች። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር፣ እቆጣት ነበር።

መጋቢት 21፣ ሌሊት

ይጻፍ እንግዲህ።

የመኪናው አፍንጫ መስኮቱን ሲሞላው እኔ ደርቄ ቀረሁ። እሱ "ተጠንቀቅ!" እንኳ አላለም፤ ክንዱ መጣ። ደረቴን መትቶ ወደ ኋላ ገፍቶ ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ፣ እጁ በኔና በመስኮቱ መሃል ቀረ። የሚጨፈለቀው የኔ ጭንቅላት ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ። ጣቶቹን ሰምቻለሁ። ይሄንን ለሐኪም አልተናገርኩም፣ ለፖሊስ አልተናገርኩም፣ ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለምን? በዚህም ሊበልጠኝ ነው እንዴ ብዬ። መቀሱ የሱ፣ ደንበኛው የሱ፣ አሁን ደግሞ የኔም ነፍስ የሱ ልትሆን? እንዴት ነው ሰው በዚህ የሚቀናው? እኔ ቀናሁ። እሱ ደግሞ ይህን እንደማውቅ ያውቃል፤ ያውቃልና ነው ጨርቅ ነው ያለው። ባለውለታ ሆኜ አንገቴን እንዳልደፋ።

ባለቤቴ አልተኛችም ኖሯል። "ይግባኙ ላይ ቃልህን ብትለውጥ ምን ይሆናል?" አለች በጨለማው።

"በሐሰት ምስክርነት ሊከሱኝ ይችላሉ። የኔንም ካሳ ሊያዩት ይችላሉ።"

"ጉልበትህ ብርድ ይመታዋል፣ ልበሰው" ብላ ብርድ ልብሱን ሳበችልኝ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ቅናት ይዞ እንቅልፍም እንደዚያው ነው።

መጋቢት 22

ጠዋት ቸኩዬ። ግራጫውን ኮቴን ለበስኩ። ጠመኔ የቆረጠው፣ እኔ የሰፋሁት ነው። የጠበቃዋ ቢሮ ደረጃ ብዙ ነው፣ ጉልበቴ እየጮኸ ወጣሁ።

ለጠመኔ አልነገርኩትም። ብነግረው ይከለክለኛል፣ ከከለከለኝ ደግሞ እንደገና እሱ ደግ ሊሆን ነው። አንድ ቀን እንኳ ለኔ ይተውልኝ። ይኸው፣ አሁንም እየቀናሁ ነው የምወጣው። አይ የኔ ነገር!

የጠበቃዋ ጸሐፊ አዲስ ልጅ ናት፣ አታውቀኝም። ፋይል ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ፋይሉን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ የጠመኔ ፋይል ነው።

"የሳቸው ጉዳይ ተወስኗል እኮ። እርስዎ ማን ኖት?"

"ምስክሩ ነኝ። ቃሌን ላስተካክል ነው የመጣሁት። እሱ ነው ቆራጩ። እጁን ያጣውም ደረቴ ላይ ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ውስጠኛው በር አየች። "ስልክ ላይ ናቸው፤ ማን ልበላቸው?"

እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ያኛው መጥቷል በያት" አልኳት።